ብሎኑ ከዞረ በኋላ

የኮምፓውንድ ቀስትን የመሳቢያ ክብደት መቀየር ራሱ ብዙ ድካም የለውም። ላይኛውንና ታችኛውን ክንፍ ከመሃለኛው አካል ጋር የያዙትን ሁለት ብሎኖች በባለ ስድስት ጎን ቁልፍ ማዞር ነው። ሲጠብቁ ክብደቱ ይጨምራል፣ ሲላሉ ይቀንሳል። ሥራው የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ቀስት ስጠግን ደጋግሜ የማየው፣ ሰው ብሎኑን እንዳዞረ በቀጥታ ወደ ማነጣጠሪያው መሄዱን ነው። ፍላጻው ከፍ ብሎ ሲመታ ማነጣጠሪያውን ከፍ ያደርጋል፣ ወደ ግራ ሲሄድ ወደ ግራ ይገፋል። በ20 ያርድ ኢላማው መሃል ሲገባለት «ተስተካከለ» ብሎ ይሄዳል። አልተስተካከለም። ጭራውን እየወዘወዘ የሚበር ፍላጻም በ20 ያርድ መሃል ይገባል፤ 40 ያርድ ላይ፣ በተለይ ጫፉ ላይ የአደን ምላጭ ሲገባለት፣ ጉዱ ይወጣል። ማነጣጠሪያ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ኮምፓውንድ ቀስትን የፈለሰፈው የሚዙሪው ሆሊስ ዊልበር አለን ሲሆን የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። የክንፎቹ ጫፍ ላይ በሚዞሩት ካሞች ምክንያት ክብደቱ መሃል ላይ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፤ 80 በመቶ በሚያቀል ባለ 70 ፓውንድ ቀስት፣ ሙሉ በሙሉ ተስቦ እጅ ላይ የሚቀረው 14 ፓውንድ ብቻ ነው። ክንፉ፣ ካሙ፣ ክሩና ኬብሉ ግን አንዱ በሌላው ተወጥረው የሚኖሩ ናቸው። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል፤ አንዱን ክር ሲያጠብቅ ጎረቤቱ ትንሽ ይላላል፣ ስለዚህ ሁሉንም ዳግመኛ ይዳስሳል።

ብሎኖቹን ስነካ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እነሳለሁ። አንዳንድ ቀስት ላይ ክንፉ የሚቀመጥበት ኪስ የራሱ ትንሽ መቆለፊያ ብሎን አለው፤ እሱ ሳይላላ ትልቁን ማስገደድ ጥርሱን መጨረስ ነው። ከዚያ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አጠብቅና ከላይም ከታችም እኩል አላላለሁ፤ ግማሽ ዙር ከላይ፣ ግማሽ ዙር ከታች። አምራቹ ከፈቀደው ዙር በላይ ማላላት ክንፉን ከኪሱ ሊያስፈተልክ ስለሚችል አይሞከርም። ዙር ቆጥሬም ክብደቱን አልገምትም፤ ቀስቱን ሚዛን ላይ ሰቅዬ አነባለሁ። እግረ መንገዴን ሁለቱ ካሞች መቆሚያቸውን እኩል መንካታቸውን አያለሁ። ላይኛው ቀድሞ ከደረሰ ከዚህ በኋላ የሚደረገው ማስተካከያ ሁሉ በጠማማ መሠረት ላይ ይሆናል።

ቀጥሎ ፍላጻው ይመጣል፤ ብዙ ሰው የማይገምተው ይህን ነው። ፍላጻ ከክሩ ሲለቀቅ ይጎብጣል፣ መጉበጡም ከቀስቱ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። ስፓይን የሚባለው ቁጥር የሚለካው ፍላጻውን 28 ኢንች በሚራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አስተኝቶ፣ መሃሉ ላይ 1.94 ፓውንድ በማንጠልጠል ነው። 0.400 ኢንች ከጎበጠ 400 ይባላል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ ፍላጻው ግትር ነው ማለት ነው። 60 ፓውንድ ላይ ቆንጆ አድርጎ የሚበር 28 ኢንች ርዝመት ያለው 400፣ ቀስቱ ወደ 70 ሲወጣ ይለሰልሳል፤ እዚያ 340 ነው የሚያስፈልገው። ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ ተቃራኒው ይገጥመዋል። ፍላጻው ይገትርበታል። ይሄኛው በርካሽ ይታረማል፤ 100 ግሬን የነበረውን ጫፍ በ125 መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

የፍላጻው ክብደት ነገርም አለ። ብዙ አምራቾች ፍላጻው ለእያንዳንዱ የመሳቢያ ፓውንድ ቢያንስ 5 ግሬን እንዲመዝን ይጠይቃሉ። 340 ግሬን የሚመዝን ፍላጻ በ60 ፓውንድ ቀስት ላይ ምንም አይደለም። ያንኑ ፍላጻ 70 ላይ ስትጭኑት ግን ከሚፈለገው 350 በታች ይወርዳል፣ ፍላጻው ያልወሰደው ጉልበትም ወደ ክንፉና ወደ ክሩ ይመለሳል። ፍጥነት ወዳዶች ይህን አይሰሙም። እኔ ግን ከ5 በታች የሆነ ፍላጻ ይዞ ለመጣ ሰው ቀስቱን አላጠብቅለትም።

ከዚህ በኋላ ወረቀት እወጥራለሁ፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ የምወደው ክፍል ነው። ፍሬም ላይ የተወጠረ ተራ ወረቀት፣ ከኋላው ኢላማ፣ ተኳሹ ሁለት ሜትር ገደማ ራቅ ብሎ ይቆማል። ፍላጻው ቀጥ ብሎ ካለፈ ወረቀቱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳና ከእሱ ዙሪያ የላባዎቹ ሦስት አጫጭር መስመሮች ይቀራሉ። ጭራው ተንጋዶ ካለፈ የላባው ቅድ ከቀዳዳው ይርቃል። ቅዱ ወደ ላይ ከሆነ ፍላጻው ክሩ ላይ የተሰካበት ቦታ ከፍ ብሏል፤ ይህ በቀላሉ የሚነበብ ነው። የጎኑ ግን ያስቸግራል። በቀኝ እጁ በመልቀቂያ የሚስብ ሰው ላይ የግራ ቅድ ብዙ ጊዜ ፍላጻው ለስላሳ መሆኑን ይናገራል፤ ላባው የፍላጻ ማረፊያውን መንካቱን ወይም የተኳሹን እጅም ሊናገር ይችላል።

ክብደት የጨመረ ሰው ላይ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እጁን ነው። አንድ ወጣት ከ60 ወደ 68 አስጨምሮ ሲሞክር ሁለት ጣት የሚያህል የግራ ቅድ ወጣ። «ጋሼ፣ ማረፊያውን ትንሽ ቢያንቀሳቅሱልኝ?» አለኝ። «ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ ጣቶችህን ፍታ» አልኩት። እጀታውን አንቆት ነበር፤ የመሃል ጣቱ አንጓ ነጥቶ ይታያል። እጀታው በአውራ ጣቱ ሥር ባለው ሥጋ ላይ ብቻ እንዲያርፍና ጣቶቹ ላላ ብለው እንዲቆዩ አደረግነው። ሁለተኛው ቅድ በግማሽ አነሰ። የቀረው ግማሽ የፍላጻው ነበር፣ በ340 ስንቀይረው ጠፋ። ማረፊያውን ቀድመን ነክተነው ቢሆን ኖሮ የእጁን ጥፋት ቀስቱ ላይ እንቀርጸው ነበር፤ ጣቱ በተፈታ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ይበላሽ ነበር።

እጀታ ማነቅ ብዙ ጊዜ ክብደቱ ከአቅም በላይ የመሆኑ ምልክት ነው። ሌላው ምልክት ቀስቱን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ በትከሻ እየታገሉ መሳብ ነው። ሰውዬውን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እግሩን ከመሬት አንስቶ፣ ቀስቱን ቀጥ አድርጎ ወደ ፊት እንደያዘ እንዲስበው እጠይቀዋለሁ። ካልቻለ ብሎኑን መልሼ አላላዋለሁ። ለጉልበት ክብር ብሎ 70 ላይ መቆየት ትከሻን ከማስጎዳት በቀር ትርፉ አይታየኝም። በዓለም አቀፍ የኢላማ ውድድር ለኮምፓውንድ የተፈቀደው ከፍተኛው ክብደት 60 ፓውንድ ነው፤ በዚያ ጉልበት ነው ተወዳዳሪዎቹ ከ50 ሜትር ርቀት 8 ሴንቲሜትር ስፋት ያለውን ባለ 10 ነጥብ ክብ ደጋግመው የሚመቱት። በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ኮምፓውንድ ለመጀመሪያ ጊዜ በድብልቅ ቡድን ሲገባ የምናየውም ይህንኑ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነው። የክሩ ውጥረት ስለተለወጠ ክሩ ውስጥ ያለችው መመልከቻ ቀለበት ዞራ ከሆነ ትመለሳለች። በመጨረሻ ማነጣጠሪያው፦ ፍላጻው የሄደበትን ተከትሎ፣ መጀመሪያ በ20 ያርድ፣ ከዚያ 30 እና 40። ክብደት ከተጨመረ ፍላጻው ስለሚፈጥን በማነጣጠሪያው ፒኖች መካከል ያለው ርቀት ይጠባል፤ ስለዚህ የላይኛውን ብቻ አስተካክሎ መተው አይቻልም።

ቨርጂኒያ ውስጥ መደበኛው የአጋዘን ቀስት አደን የሚከፈተው በኦክቶበር የመጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ክብደት ለመቀየር ያሰባችሁ በጁላይ ቀይሩና ቀስቱንም ትከሻችሁንም ጊዜ ስጧቸው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ቁልፍ አንስታችሁ ብሎኑን አትንኩ።