ለየአፉ የተከተፈ

ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ከፍሪዘር ወጥቶ ወደ መስኮቱ ሲያዞሩት ብርሃን ያሳልፋል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ለየብቻው ይታያል፦ ወደ ሮዝ የሚያደላ የሽሪምፕ ሥጋ፣ ነጭ ስኩዊድ፣ ጥቁር አረንጓዴ የባሕር አረም፣ እዚህም እዚያም ብርቱካናማ የዓሣ እንቁላል። ሁሉም ተያይዟል እንጂ አልተላቆጠም። የቁራጮቹ መጠን እኩል ነው፤ ጠርዛቸው በስለት የተቆረጠ እንጂ የተቦጨቀ አይደለም። በመካከላቸው የበረዶ ቅንጣት አይታይም፤ የአየር አረፋም የለም።

ይህ በጨው ውኃ አኳሪየም ውስጥ ለሚኖሩ የባሕር ዓሦች ቤት ውስጥ ተሠርቶ የቀዘቀዘ ምግብ ነው። የሠሩት ሰው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ፣ ብዙ ዓመት በምግብ ቤት ወጥ ቤት የሠሩ፣ እኔ ጋሼ የምላቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ምግብ በትንንሽ ኩብ ተደርጎ በመደብር ይሸጣል፤ መጥፎ ነው አልልም። ግን ኩቡ ማጥለያ ላይ ሲቀልጥ የሚወርደው ውኃ ብዙ፣ የሚቀረው ሥጋ ጥቂት የሚሆንበት ጊዜ አለ። የጋሼ ዝርግ ሲቀልጥ የሚያንጠባጥበው እዚህ ግባ አይባልም። ምክንያቱን ለማወቅ ስል ሥራቸውን ከመነሻው ቆሜ አየሁ።

መነሻው ገበያ ነው። ዋሽንግተን ሜይን አቬኑ ላይ ያለው የዓሣ ገበያ እ.ኤ.አ. ከ1805 ጀምሮ የሚሸጥበት ነው፤ ሸርጣኑም ሽሪምፑም በተፈጨ በረዶ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። ጋሼ ከዋጋው በፊት የሚጠይቁት ሽሪምፑና ስካሎፕ የሚባለው የባለዛጎል ሥጋ ፎስፌት ውስጥ ተነክሮ እንደሆነ ነው። ሶዲየም ትሪፖሊፎስፌት የሚባለው ጨው ሥጋው ውኃ እንዲይዝ ስለሚያደርገው ሚዛን ላይ ይከብዳል። ለሰው ምግብ የተፈቀደ ነው፤ አኳሪየም ውስጥ ሲገባ ግን አልጌውን ያፋፋል፣ የኮራሎቹንም አጽም እድገት ያጓትታል። ሻጩ ባይነግራቸውም ጋሼ ስካሎፑን በዓይናቸው ይለዩታል። የተነከረው ንጣቱ ያብለጨልጫል፤ ነጣ ያለ ፈሳሽ ውስጥ ይተኛል። ያልተነከረው ደብዘዝ ብሎ ወደ ክሬም ወይም ወደ ሮዝ ያደላል፤ ሲነኩት ጣት ላይ ይጣበቃል። ሁልጊዜ የሚገዙት ይኼኛውን ነው፤ ከሌለ ስካሎፕ ሳይገባ ይቀራል።

ሁሉም ከባሕር የወጣ መሆን አለበት። እኛ ከሐይቆቻችን የምናውቀው ቆሮሶ ጥሩ ዓሣ ነው፤ ለእነዚህ የባሕር ዓሦች ግን ዋና ምግብ አይሆንም። የጨው ውኃ ዓሦች ኢፒኤ እና ዲኤችኤ የሚባሉትን የኦሜጋ 3 ቅባቶች ሰውነታቸው በበቂ መጠን ስለማይሠራቸው ከባሕር ፍጥረታት ሥጋ ማግኘት አለባቸው። የበሬ ሥጋማ ጭራሽ አይታሰብም፤ የአኳሪየሙ ውኃ 25 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ስቡ እንደረጋ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው አከታተፋቸውን ነው። ሥጋው በረዶው ለቆት ሳያበቃ፣ ገና ገረር እንዳለ ይጀምራሉ፤ የለሰለሰ ሥጋ ከቢላዋ ሥር ይሸሻል፣ ገረር ያለው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። የሽሪምፑን ጀርባ ሰንጥቀው ጥቁሩን አንጀት ስበው ያወጣሉ። ስኩዊዱን ገፈው፣ በውስጡ ያለውን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ዘንግ መዝዘው ይጥላሉ። ከዚያ ገላውን ከፍተው ይዘረጉትና ቢላዋውን በቁመቱ ያስኬዱታል። የስኩዊድ ጡንቻ አብዛኛው ገላውን ዙሪያውን የሚሄድ ስለሆነ በቁመት ሲቆረጥ ክሩ ይበጣጠሳል። በአግድም ቢቆረጥ ክሩ እንደረዘመ ይቀራል፤ ትንሽ ዓሣ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያስቸግረዋል፣ መጨረሻ ላይም ይተፋዋል። ለክትፎ ሥጋ በእጅ ሲከተፍ ያየ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ ጅማቱ ተለቅሞ፣ እጅ ሳይቸኩል፣ ሥጋው ሳይጨፈለቅ።

‹‹ጋሼ፣ በብሌንደር ቢፈጩት አይፈጥንልዎትም?›› አልኳቸው።

‹‹ይፈጥናል፤ ግን ግማሹን ውኃው ነው የሚበላው›› አሉኝ፣ ከመክተፊያው ቀና ሳይሉ።

እውነታቸውን ነው። ብሌንደር ከሚቆርጠው የሚደቁሰው ይበልጣል፤ የተደቆሰው ሥጋ ጭማቂውን ይለቃል፣ አኳሪየሙ ውስጥ ሲገባም ዓሣው ሊለቅመው የማይችል ብናኝ ይሆናል። ብናኙ በየድንጋዩ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል፤ መጀመሪያ አሞኒያ፣ ቆይቶም ናይትሬት ይወጣዋል። ባሕር ሰፊ ነው፣ ሁሉን ይውጣል፤ ሳሎን ውስጥ ያለ ጥቂት መቶ ሊትር ውኃ ግን መሄጃ የለውም። ለዚህ ነው ይህን ምግብ ስመዝን ዓሣው ሲሻማ ከማየው ይልቅ በልቶ ሲጨርስ ውኃው ውስጥ የቀረውን የምመለከተው። የጋሼ ምግብ ከገባ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሚታይ ፍርፋሪ የለም።

የተከተፈው ወንፊት ላይ ሆኖ በተጣራ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ በቢላዋው የወጣው ጭማቂ እዚያ ይሄዳል። ቪታሚኑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ ቢገባ ከእጥበቱ ጋር ይወርድ ነበር። ከቪታሚኖቹ ጋሼ አጥብቀው የሚይዙት ቢ1ን ነው። ክላም በሚባሉ ብዙ ባለዛጎሎችና በአንዳንድ ሽሪምፖች ሥጋ ውስጥ ታያሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ይህን ቪታሚን ያፈርሰዋል፣ ፍሪዘርም አያስቆመውም። ስለዚህ ኢንዛይሙ የሌለበትን የኮድ ዓሣ ሥጋ ይቀላቅላሉ፣ ቢ1ም ይጨምራሉ። ነጭ ሽንኩርት የሚያስገቡ ብዙዎች ናቸው፣ በሽታ ይከላከላል፣ ዓሣውንም በሽታው ይጠራል እያሉ። ጋሼ አያስገቡም፤ እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ፤ ጥሩ ሽሪምፕ ዓሣን ለመጥራት የራሱ ሽታ ይበቃዋል።

ማያያዣው ጄላቲን ነው። በሙቅ ውኃ ይሟሟል፣ ግን ለብ እስኪል ይጠብቁታል፤ ትኩሱ ቢፈስበት የሥጋውን ጠርዝ ያበስላል፣ ቪታሚኑንም ይጎዳል። ብዙ ዘግይተው ደግሞ ከረጋ ሥጋውን አይለብሰውም። የእጃቸው ጣት እዚህ ላይ ቴርሞ ሜትር ሲያስንቅ አይቻለሁ። መጠኑም ጥቂት ነው፤ ቁራጮቹን እስኪያያይዝ ድረስ ብቻ።

ከዚያ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ በመዳመጫ ከታች ወደ አፉ እየተገፋ አየሩ ይወጣል፣ የቀረ አየር ቅባቱን ያሻግተዋልና። ከአራት ሚሊ ሜትር በታች ማድረጋቸውም ለውበት ብለው አይደለም። ሥጋ ከዜሮ በታች ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ባለው መካከል ቀስ ብሎ ካለፈ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቱ ሕዋሱን ቀድዶት ሲቀልጥ ጭማቂው ይፈሳል። ስስ ሆኖ በብረት ትሪ ላይ ሲተኛ ቅዝቃዜው ቶሎ መሃሉ ይደርሳል። ፈልጌ የመጣሁት የማያንጠባጥብበት ምክንያት፣ ከአከታተፉ ቀጥሎ፣ ይኼ ነው። ግማሽ ሲጠነክር አውጥተው በቢላዋው ጀርባ መስመር ያሰምሩበታል፤ በኋላ በጣት ተጫን ሲደረግ በመስመሩ ይሰበራል። ቀን ይጻፍበታል፤ ሦስት ወር ያለፈው አይሰጥም።

ዝርጉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ለባለሁለት መስመሩ ክላውን ዓሣ ነው። ይህ የቀይ ባሕር ዓሣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830 ለሳይንስ የገለጸው፣ በኋላ በምጽዋ አልፎ ጎንደር የደረሰው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የዓሣ እንቁላሉ የሚበዛው በዚህ ዓሣ ዝርግ ላይ ነው። ሌላው አረንጓዴው የሚያመዝንበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ አልጌ ሲግጥ ለሚውለው፣ ጭራው ቢጫ ለሆነው ሐምራዊ ታንግ ለሚባል ዓሣ። ቅመምና ዘይት ያልነካው ኖሪ የሚባል የደረቀ የባሕር አረም በመቀስ ይቆረጥበታል፤ ሲርስ ስለሚሰፋ ጋሼ ከሚፈልጉት አሳንሰው ይቆርጡታል።

ኮፐርባንድ የሚባለው ባለረጅም አፉ ዓሣ ብቻ ዝርግ የለውም። በመመገብ አስቸጋሪነቱ የታወቀ ነው፤ ምግቡን ከስንጥቅ ውስጥ እየነቀሰ መብላት ስለለመደ ሲንሳፈፍ የመጣለትን ዞር ብሎ የማያይበት ጊዜ ብዙ ነው። ለእሱ ጋሼ ክላም ይከፍታሉ። አጭሩን ቢላዋ በሁለቱ ዛጎሎች መካከል አስገብተው ዛጎሉን የሚዘጉትን ሁለት ጡንቻዎች ብቻ ከላይኛው ይቆርጣሉ፤ ሥጋው ሳይነካ በታችኛው ዛጎል ላይ እንደተቀመጠ ይቀዘቅዛል። ከሥራዎቻቸው ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። ያን ሁሉ መክተፍ የሚችል እጅ ሁለት ቦታ ቆርጦ የተወው ለዚያ አፍ የሚስማማው እሱ ስለሆነ ነው።