ጧሪ ላጣ አረጋዊ ቤት ስለመምረጥ፦ በመጦሪያ ማዕከላት መመዘኛችን ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በአማርኛ የአንድን ሰው ብቸኝነት ለመግለጽ «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» ከሚለው የበረታ አነጋገር አይገኝም። በወረኢሉና በአካባቢው ባሉት የደቡብ ወሎ ደጋማ ወረዳዎች ጡረታ ማለት ልጅና መሬት ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በአገልግሎቱ የሚያገኘው አበል አለው፤ ገበሬው ግን ጉልበቱ ሲደክም መሬቱን በእኩል ሰጥቶ፣ ከልጆቹ አንዱን ከጎኑ አስቀርቶ ይኖራል። ልጆቹ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ዓረብ አገር ሲበተኑ ይህ ሥርዓት ይላላል። ያን ጊዜ ከሩቅ ያለው ልጅ «እናቴን ከተማ ካሉት መጦሪያዎች የትኛው ይሻላቸዋል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ለጤና ባለሙያው ነው፤ ባለሙያው የሚመልሰው ደግሞ በአብዛኛው በወሬ የሰማውንና በቴሌቪዥን ያየውን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተለመደው አመራረጥ የት ላይ እንደሚስት ማሳየትና የተሻለ መመዘኛ ማመላከት ነው።

ቸርነትና ሙያ

የአረጋውያን ጉዳይ በሕግ ያልታሰበ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ያስቀምጣል። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብርም ነበር። ይሁን እንጂ ጧሪ ያጣውን አረጋዊ ከጎዳና አንሥቶ አልጋ የሰጠው በዋናነት የበጎ አድራጊው እጅ ነው። የማዘር ቴሬዛ ደናግል ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ የታመመውንና የተጣለውን ሲቀበሉ ኖረዋል። በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ከትንሽ ጅምር ተነሥቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የሚይዝ፣ በክልል ከተሞችም ቅርንጫፎች ያሉት ተቋም ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ለሕንፃው ማጠናቀቂያ በተደረገው ዘመቻ ሕዝቡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ማዋጣቱ ተቋሙ ምን ያህል እምነት እንዳተረፈ ይመሰክራል።

የማዕከሉ መፈክር «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ይላል። እንደ ጥሪ ከተወሰደ ትክክል ነው፤ ብዙዎችን ከቤታቸው ያስወጣውና ኪሳቸውን ያስከፈተው ይህ ቃል ነው። እንደ መመዘኛ ከተወሰደ ግን ጎዶሎ ይሆናል። ሰው መሆን ለመርዳት ይበቃል፤ ለማስታመም ግን አይበቃም። አልጋ ላይ የዋለን አረጋዊ ወገቡንና ተረከዙን ሳያቆስሉ ማገላበጥ፣ ለመዋጥ የሚቸገረውን ሳያስታንቁ ማብላት፣ የደም ግፊቱን መድኃኒት ከወገብ ሕመሙ መድኃኒት ጋር ማስታረቅ በደግነት ብቻ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። ይህ ሂስ በተቋሙ ላይ ሳይሆን ቸርነትን ስናይ ሙያን መጠየቅ በምንተወው በእኛ በጤና ባለሙያዎች ላይ ነው። ምስጋናችን ጥያቄያችንን ዘግቶታል።

ሕንፃ፣ ሥራና ውጤት

አቬዲስ ዶናቤድያን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕክምና ጥራት በሦስት በኩል እንደሚመዘን አሳይተዋል፤ እነዚህም ያለው አቅምና አደረጃጀት፣ የሚሠራው ሥራና የሚገኘው ውጤት ናቸው። ቤተሰብ መጦሪያ ቤት ሲጎበኝ የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ግቢው ንጹሕ ነው፤ አልጋው አዲስ ነው፤ ሕንፃው ፎቅ ነው። ከዚህ በመነሣት «ጥሩ ነው» ይባላል። ሆኖም አንድ ቤት መልካም አልጋ ኖሮት በላዩ የተኛው ሰው ሊቆስል ይችላል።

ስለዚህ ጠያቂው ከግቢው አልፎ ወደ ሥራው መግባት አለበት። በሌሊት ስንት አስታማሚ አለ? ነርስስ? አልጋ የያዙት በየስንት ሰዓቱ ይገላበጣሉ? የተገላበጡበትስ ይመዘገባል? ሽንቱን የማይቆጣጠር ሰው በምን ያህል ጊዜ ይቀየርለታል? መድኃኒቱን የሚሰጠው ማን ነው? ክብደት ይመዘናል? የወደቀ ሰው ቢኖር ምን ይደረጋል? በአእምሮ ሕመም የተጠቃ ወጣትና አቅሙ የደከመ አዛውንት በአንድ ጥላ ሥር በሚኖሩበት ቤት የየራሳቸው ክትትል አላቸው? ውጤቱንም ለማወቅ የተወሳሰበ መሣሪያ አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት የአልጋ ቁስል ያለባቸው ስንት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ቁስሉን እዚያው ቤት ያገኙት ስንት እንደሆኑ መጠየቅ ብዙ ይናገራል። ቁጥሩን ሳይሸሽግ የሚናገርና መዝገብ የሚያሳይ ቤት «አንድም የለም» ብሎ መዝገብ ከሌለው ቤት ይልቅ ሊታመን ይገባል።

በዚህ ረገድ ከሌላው ዓለም የሚገኘው ትምህርት ሁለት ወገን አለው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 የነርሲንግ ቤቶችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ የሚሰጥ የሕዝብ መመዘኛ ጀመረ። ኮከቡ የሚወጣው ከመንግሥት ቁጥጥር፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከእንክብካቤ ውጤት ነበር። ነገር ግን የሠራተኛው ብዛትና አብዛኛው የውጤት መረጃ የሚገኘው ከራሳቸው ከቤቶቹ ስለነበር ኮከቡ በሪፖርት ጥበብ ሊጨምር እንደሚችል ብርቱ ትችት ቀረበበት፤ በ2016ም የሠራተኛ ቁጥር ከደመወዝ መዝገብ እንዲወሰድ መደረግ ጀመረ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ለሕዝብ የሚነገር መመዘኛ ያስፈልጋል፤ ተመዛኙ ራሱን የሚመዝንበት መመዘኛ ግን አይታመንም። በአገራችን ቤተሰብ ቤትን ከቤት የሚያነጻጽርበት እንዲህ ያለ የተለመደ የሕዝብ መመዘኛ ባለመኖሩ፣ የጤና ባለሙያው ጥያቄ የመጀመሪያው ቁጥጥር ነው።

ከምርጫ በፊት ምርመራ

የትኛው ቤት ይሻላል ከማለት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ አረጋዊው ቤት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ ከአሥር አንድ የሚበልጠው ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ከወረኢሉ ገጠር «አይታያቸውም፤ የሚመራቸው የለም» ተብለው ወደ መጦሪያ ሊላኩ የተዘጋጁ እናት አሉ እንበል። ሕመማቸው ሞራ ከሆነ የሚያስፈልጋቸው ሌላ ቤት ሳይሆን አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ብርሃናቸው ሲመለስ ምድጃቸውን ራሳቸው ያነድዳሉ።

ከዚህ የከፋው «ጃጅተዋል» የሚለው ፍርድ ነው። አንድ ሽማግሌ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሰው መለየት ካቆሙ፣ ሌሊት ከቃዡና ቀን ካንቀላፉ ነገሩ እርጅና ሳይሆን ድንገተኛ የአእምሮ መታወክ ሊሆን ይችላል። መነሻውም የሳንባ ምች፣ የሽንት መታፈን፣ የውኃ እጥረት ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳይመረምሩ ወደ መጦሪያ ቤት የሚወስድ ደብዳቤ መጻፍ ሊታከም የሚችልን ሰው እንደማይድን መፍረድ ነው።

ለዚህ የሚረዱ፣ ወጪ የማይጠይቁ መለኪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 የቀረበው የካትዝ መለኪያ አረጋዊው መታጠብን፣ መልበስን፣ መጸዳጃ መጠቀምን፣ ከአልጋ መነሣትን፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠርንና መመገብን በራሱ ይችል እንደሆነ ይጠይቃል። በ1962 በእንግሊዝ አገር የወጣው የኖርተን መለኪያ ደግሞ አካላዊ ሁኔታን፣ አእምሮን፣ እንቅስቃሴን፣ መገላበጥንና ሽንትን መቆጣጠርን ከአንድ እስከ አራት እየመዘነ ከ20 ነጥብ ያስቀምጣል፤ 14ና ከዚያ በታች ያገኘ ሰው ለአልጋ ቁስል የተጋለጠ ነው። ሁለቱም በጤና ጣቢያ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃቸዋል። ውጤታቸው ከደብዳቤው ጋር ቢላክ ተቀባዩ ቤት የሚቀበለውን ሰው አውቆ ይቀበላል፤ ከወራት በኋላም ሰውየው ተሽሎት ወይም ተጎድቶ እንደሆነ የሚነጻጸርበት መነሻ ይኖራል።

አገርን የመተው ዋጋ

የከተማ መጦሪያዎችን ስናወዳድር የምንረሳው ተወዳዳሪ የአረጋዊው የገዛ ቤት ነው። ከወረኢሉ የወጣ ሰው የሚተወው ጎጆውን ብቻ አይደለም። መሬቱን ማን ይይዝለታል? የሚያከራየው በምን ውል ነው? ይህ ከመሄዱ በፊት ከወረዳው መሬት አስተዳደር ጋር መጣራት አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን መታወቂያው የሚያገለግለው ውል በተገባባቸው ተቋማት ስለሆነ በሄደበት ከተማ ላይሠራ ይችላል። በወሎ አባል የሞተበትን የሚቀብረውና የሚያስተዛዝነው ቅሬውም ከኋላው ይቀራል። ሙስሊምና ክርስቲያን ጎን ለጎን ከሚኖሩበት አገር የመጣ አረጋዊ በአዲሱ ቤት ሶላቱን የሚሰግድበት ወይም ጾሙን የሚጾምበት ሁኔታ፣ ሲያልፍም በእምነቱ ሥርዓት የሚቀበርበት መንገድ መኖሩ አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል። እነዚህ ጥያቄዎች ከሕክምና ውጪ የሆኑ ይመስላሉ፤ ሆኖም ምግብ ያቆመንና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረን አዛውንት ያስታመመ ሁሉ የሕክምና ጥያቄዎች መሆናቸውን ያውቃል።

ርቀትም ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። ዘመድ የሚጠይቀው አረጋዊ የሚቆጣጠርለት ዓይን አለው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የመንገድ ጉዞን ደጋግሞ አውኳል። በዚህ ሁኔታ በደሴ ያለ መካከለኛ ቤት በአዲስ አበባ ካለ የተሻለ ቤት ሊመረጥ ይችላል፤ ጎረቤትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚደግፉት የራስ ቤት ደግሞ ከሁለቱም ሊበልጥ ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ከአሥራ ስድስቱ ፓኬጆች አንዱም ለአረጋውያን ተለይቶ የተዘጋጀ አልነበረም። ሠራተኛዋ ግን እናትና ሕፃን ለማየት በምትገባበት ደጃፍ በጓዳ የተኛውንም ሽማግሌ ልታይ ትችላለች፤ ማገላበጥንና የቆዳን እንክብካቤ ለምራት ወይም ለልጅ ልጅ ማስተማር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

በመሆኑም መጦሪያ ቤት የመጨረሻው ምርጫ እንጂ የመጀመሪያው መድኃኒት ሊሆን አይገባም። መጀመሪያ ምርመራ ይደረግ፤ ቀጥሎ የአረጋዊው የመሥራት አቅም ይለካ፤ ከዚያ የገዛ ቤቱ በምን ድጋፍ ሊጸና እንደሚችል ይታይ። ይህ ሁሉ ተሞክሮ መሄድ ግድ ከሆነ ቤቶቹ በፎቃቸው ሳይሆን በሌሊት ሥራቸውና በመዝገባቸው ይነጻጸሩ፤ አረጋዊውም ይጠየቁ። ልጅ ከሩቅ ሆኖ ገንዘብ ሲልክ፣ ባለሙያ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ማዕከል አልጋ ሲያዘጋጅ ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚቀረው ሰው አልጋው ላይ የሚተኛው ነው።