«በላ» ስለሚለው ግስ

አማርኛችን ብዙ ፍች የተሸከሙ ግሶች አሉት፤ ከእነዚህም መካከል «በላ» የሚለውን ያህል በየቀኑ ከአፋችን የማይለይ ጥቂት ነው። የመጀመሪያ ትርጉሙ እህል መቅመስ ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ አልቆመም። እሳት ቤት በላ፣ ዝገት ማረሻ በላ፣ ብል ልብስ በላ እንላለን። ገላውን የሚያሳክከው ሰው «በላኝ» ይላል፤ የሚያሳዝን ነገር ያየም «አንጀቴን በላው» ይላል። ዳማ የሚጫወት የባልንጀራውን ጠጠር ይበላል፤ የተናገረውን ያፈረሰም «ቃሉን በላ» ይባላል። በአብዛኞቹ ውስጥ የሚገኘው አሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የነበረውን እንዳልነበረ ማድረግ ነው።

እንዲህ ያለው ቃል ለእንቆቅልሽ ይመቻል። «ጥርስ የለው፣ ብረት ይበላል» ብሎ ለሚጠይቅ ልጅ መልሱ «ዝገት» ነው። ከመልሱ ይልቅ የሚጠቅመው ግን፣ ልጁ አንድ ቃል በሰማ ጊዜ ፊት ለፊት በሚታየው ፍች ላይ እንዳይቆም መልመዱ ነው።

ከዚህም የረቀቀ አለ። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ፊደል ከሚላላው በምልክት ስለማይለይ፣ «ይበላል» የሚለው ላልቶ ሲነበብ በዪውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተበዪውን ያመለክታል። «የሐይቃችን ዓሣ ይበላል» ቢባል ሁለቱም እውነት ነው፤ ዓሣው በውሃው ውስጥ ያገኘውን ይመገባል፣ ደግሞም ለእኛ እራት ይሆናል።

የቅኔ ሰዎች አንዱ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲይዝ «ኅብር» ይሉታል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ላስተማሩበት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጎረቤት ለሆንን ለእኛ፣ የቃልን ውስጥ መመርመር እንግዳ ሥራ አይደለም። ለምሳሌ ያህል እኔው የገጠምሁትን ላቅርብ፦

በሰላም ተቀምጦ ከዋርካው ዛፍ ጥላ፣
ሹመት በማለዳ ጠራችው ና ብላ።

«ብላ» «አለ» ከሚለው ግስ የወጣ እንደ ሆነ፣ ሹመት «ና» እያለች ጠራችው ማለት ነው፤ «በላ» ከሚለው የወጣ እንደ ሆነ ግን «ና፣ ብላ!» የሚል ግብዣ ይሆናል። ኅብር የሚመዘነውም በዚህ ነው፤ ሁለቱም ንባብ በየራሱ ሙሉ ሆኖ መቆም አለበት። አንዳንድ ገጣሚዎች ቃሉን በግድ ሰባብረው ወርቁን ያወጣሉ፤ ሰሙ ግን ትርጉም አልባ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሥራ ሰም የሌለው ወርቅ ስለ ሆነ ቅኔ አይባልም። በ«ና» እና በ«ብላ» መካከል አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትገባም ነገሩ ሁሉ ይፈርሳል።

አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፉ፣ ይህ የድርብ አነጋገር ልማድ ግልጽ ንግግርን ለሚሻው ለአዲሱ ዘመን አሠራር እንደማይመች አመልክቷል። በከፊል እስማማለሁ፤ በሙሉ ግን አልቀበለውም። ቅኔ የሚሰማ ሰው አንድ ነገር እንደ ተሸሸገ አስቀድሞ ያውቃልና ይፈልገዋል። ጉዳቱ የሚመጣው መሸሸጉ ራሱ ሲረሳ ነው። «በላ»ም በዕለት ንግግራችን ውስጥ የሚጎዳን እንዲሁ ነው።

ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት በሚቀባበርበት በአንድ ቅሬ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ከገንዘብ ያዡ ሒሳብ ጎደሎ በተገኘ ጊዜ አንድ ሽማግሌ «ምን ይደረግ፣ ትንሽ በልቷል» አሉ፤ ሰዉም ሳቀ። እኔ ግን «በልቷል ማለትዎ ሰርቋል ማለት ነውን?» ብዬ ስጠይቃቸው ቤቱ ጸጥ አለ። ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ጎልማሳም «ኧረ መምህር፣ እንዲህስ አይበሉ፤ ሰው ስም ማጥፋት ይሆናል» አለኝ። ገንዘቡ መጥፋቱ ያላስደነገጠው ጉባኤ በቃሉ ደነገጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ከጎረቤት ዶሮ የወሰደው ሌባ ይባላል፤ የመቅበሪያ ገንዘብ የወሰደው ግን «በላ» ይባላል። ሌብነት ያሳፍራል፤ መብላት ግን ማንንም አያሳፍርም፤ የራበው ሁሉ ይበላልና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ምሳሌያችንም እጁን የሰበሰበውን እንደ ሞኝ ይቈጥራል፤ ስለ ተበላው ሰው ግን አንድም ቃል አይናገርም። እርሱ ግን አለ፤ በቀብር ቀን ድንኳን ያጣችው ባልቴት ናት።

እንግዲህ ቃሉ ከቋንቋችን ይጥፋ አልልም፤ ያለ እርሱ እንቆቅልሹም ቅኔውም ይደኸያል። የምለው፣ በጨዋታ የለመድነውን ጥያቄ በሸንጎም እናንሣው ነው። አንድ ሰው «በላ» ሲባል «ምን በላ? የማንን በላ?» እንበል።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ ፍችው የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ደሴን ሰጥቶ ይገላገላል። ልጆች አገር የሚሰጡት በጨዋታ ነው፤ እኛ ግን የቃሉን ፍች ሳንጠይቅ በሳቅ ባለፍን ቁጥር የምንሰጠው እውነተኛውን አገር ነው።