የሚዛን ወረቀትና ሁለቱ ጽሕፈቶች

በምዕራብ ሸዋ ከጊንጪ እስከ አምቦና ጉደር ባሉት ከተሞች ጤፍና ስንዴ በዲጂታል ሚዛን የሚረከብ ነጋዴ ኪሎውን፣ ዋጋውንና ቀኑን አትሞ ለገበሬው የሚሰጥ መሣሪያ ቢፈልግ፣ ሠሪው የሚነሣው ከሁለት ዕቃዎች ነው። አንደኛው ማይክሮኮንትሮለር፣ ማለትም የስሌት ክፍሉን፣ ማስታወሻውንና የመግቢያና የመውጫ እግሮቹን በአንድ ቺፕ የያዘ ትንሽ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ሁለተኛው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ላይ ያለ ቀለም የሚያትም ቴርማል ፕሪንተር ነው። ወረቀቱ የመመዘኑ ማስረጃ እንጂ የግብር ሰነድ ባለመሆኑ፣ በደንብ ቁጥር 139/1999 ግዴታ የሆነው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚያወጣውን ደረሰኝ እንደማይተካ ለነጋዴው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሁለቱ የሚገናኙት በሲሪያል መስመር፣ ማለትም ቢቶች ተራ በተራ በአንድ ሽቦ በሚያልፉበት ዘዴ ነው። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ፣ ግራውንድ ከግራውንድ ይያያዛል። ሆኖም አርኤስ-232 በተባለው ደረጃ የተሠራ ፕሪንተር ምንም በማይላክበት ጊዜ መላኪያው ላይ ከዜሮ በታች የሆነ ቮልቴጅ ሲይዝ፣ አብዛኛው ማይክሮኮንትሮለር የሚችለው ቢበዛ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ አንድም ሽቦ ከማያያዙ በፊት የቮልቴጅ መለኪያውን (የመልቲሜትሩን) ጥቁር ጫፍ በፕሪንተሩ ባለ 9 እግር ሶኬት 5ኛ እግር፣ ማለትም በግራውንዱ ላይ አሳርፎ 2ኛውንና 3ኛውን በየተራ ይለካል፤ ከ5 እስከ 12 ቮልት ኔጌቲቭ የሚያሳየው እግር የፕሪንተሩ መላኪያ ነው። በፕሪንተሩና በማይክሮኮንትሮለሩ መካከልም ቮልቴጁን የሚያስማማው ማክስ232 ቺፕ ከነካፓሲተሮቹ ይገባል። አምቦ ከአዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ፣ በችኮላ ለተቃጠለ ቺፕ ከዋጋው ይልቅ ምትኩን ለማምጣት የሚኬደው መንገድ ይከብዳል። የመስመሩን ፍጥነት በግምት መፈለግም አያስፈልግም፤ የወረቀት መግፊያውን ቁልፍ ተጭኖ ሲያበሩት አብዛኛው ፕሪንተር የራሱን ቅንብር አትሞ ያወጣል።

ከባዱ ሥራ ከሽቦው በኋላ ያለው ነው። በአምቦ ገበያ ወረቀቱ በኦሮምኛም በአማርኛም መነበብ ይኖርበታል። ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል በመሆኑ ፕሪንተሩ ከፋብሪካ ይዞት በሚመጣው ፊደል በቀጥታ ይታተማል፤ ባለ 32 ፊደል መስመር 32 ባይት ብቻ ስለሆነ፣ በሴኮንድ 9600 ቢት፣ ማለትም 960 ባይት በሚያሳልፍ መስመር ላይ በቅጽበት ያልፋል። የግዕዝ ፊደል ግን በርካሾቹ ፕሪንተሮች ውስጥ ስለማይገኝ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ እያንዳንዱን ፊደል በነጠብጣብ እንደ ሥዕል ሠርቶ መላክ አለበት። 58 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ወረቀት ላይ የሚያትም ፕሪንተር በአንድ ረድፍ 384 ነጠብጣብ ወይም 48 ባይት ስለሚያትም፣ 24 ረድፍ ቁመት ያለው የአማርኛ መስመር 1152 ባይት ይሆናል፤ በዚያው ፍጥነት 1.2 ሴኮንድ ይወስዳል።

ይህን መዘግየት ሽሽት አማርኛውን በላቲን ፊደል አትሞ የሚያስረክብ ሠሪ ሥራውን አልጨረሰም፤ ገበሬው ሊያነበው የማይችለው ወረቀት ማስረጃ ሊሆነው አይችልምና። ችግሩም የማይፈታ አይደለም። 33ቱ ፊደላት ከሰባት ሰባት ቅርጻቸው ጋር 231 ናቸው፤ እያንዳንዱ በ24 በ24 ነጠብጣብ ሲሣል 72 ባይት፣ ሁሉም በአንድነት 16,632 ባይት ስለሚሆኑ፣ አርዱይኖ ኡኖ በተባለው የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ ላይ የሚገኘው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ ባለው የ32 ኪሎ ባይት የፕሮግራም ማስታወሻ ውስጥ ይገባሉ። ቦታ ለመቆጠብ ቁመቱን ወደ 16 ማውረድ አይመከርም፤ ሸን ከሰ፣ ኘን ከነ የሚለዩት ትንንሽ ሰረዞች ከፊደሉ ገላ ጋር ይዋሃዳሉ። የሥራ ማስታወሻው 2 ኪሎ ባይት ብቻ በመሆኑ ግን መስመሩን በሙሉ አዘጋጅቶ ከመላክ ይልቅ ረድፍ በረድፍ እያሰሉ መላክ ይሻላል።

የኃይሉ ነገርም አለ። ጥቁር የበዛበት ረድፍ ሲታተም ፕሪንተሩ ብዙ አምፔር በአንዴ ስለሚስብ፣ ከማይክሮኮንትሮለሩ ጋር አንድ አዳፕተር ከተጋሩ ቮልቴጁ ወርዶ ቺፑ በወረቀቱ አጋማሽ ላይ እንደገና ይነሣል፤ ስለዚህ ግራውንዳቸው አንድ ሆኖ የኃይል ምንጫቸው ይለያያል። መብራት በመሐል ቢጠፋ የሚዛኑ ቁጥር እንዳይጠፋ፣ ኅትመቱ ከመጀመሩ በፊት ኃይል ሲቋረጥም በማይጠፋው ማስታወሻ ላይ ይመዘገባል፤ መብራት ሲመለስም ወረቀቱ እንደገና ይታተማል። በዚህ ሁለተኛ ወረቀት ራስጌ ላይ ቅጂ መሆኑ በሁለቱም ቋንቋዎች ይጻፋል፤ ያለበለዚያ ለአንድ ኩንታል ሁለት ጊዜ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል።