የድርቅ ሰዓትና የበረዶ ሰዓት፦ ለመንዝ ደጋ የሚሆን ማስጠንቀቂያ የቱ ነው?

ክረምት ገብቶ ሬዲዮ የከፈተ ሰው እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ ሳይሰማ አይቀርም፦ በሰሜን ሸዋና በአንዳንድ አካባቢዎች ከባድ ዝናብ ሊጥል ስለሚችል ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ። አባባሉ ስህተት የለበትም። ግን እስቲ መሐል ሜዳ አካባቢ በግ ለሚያግድ የ14 ዓመት ልጅ ንገሩት። የት ነው የሚዘንበው? ስንት ሰዓት ላይ? «አስፈላጊው ጥንቃቄ» ማለትስ ምንድን ነው? በጎቹን እየነዳ ወደ ቤት ይሩጥ ወይስ ዛፍ ሥር ይጠለል? ዛፉን ከመረጠ መብረቅ ሊገድለው ይችላል፤ ማሳሰቢያው ግን ይህን አልነገረውም።

ትችቴ በትንበያው ሳይንስ ላይ አይደለም። ትንበያን ወደ ማስጠንቀቂያ በምንቀይርበት መንገድ ላይ ነው። የአገራችን የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የተወለደው ከድርቅ ስለሆነ ሰዓቱ የሚቆጥረው በወርና በአሥር ቀን ነው። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ በረዶ፣ መብረቅና ደራሽ ጎርፍ ግን የሚመጡት በደቂቃዎች ነው።

ሥርዓቱ ለምን እንዲህ ሆነ?

ታሪኩን ማወቅ ፍርዳችንን ሚዛናዊ ያደርገዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎንና ትግራይን የመታው ረሃብ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1960ዎቹ መጨረሻም የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። ዋና ጥያቄውም «በሚቀጥሉት ወራት የት እህል ያጥራል?» የሚል ነበር። የሜትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ ራሱን ችሎ የቆመው በ1973 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ለበጋ፣ ለበልግና ለክረምት ወቅታዊ ትንበያ ያወጣል፤ በየአሥር ቀኑም ለግብርና የሚሆን መረጃ ያዘጋጃል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የመንዝ ገበሬ ኑሮ በበልግ ገብስ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ፣ በጥርና በየካቲት «ዘንድሮ በልጉ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ የዘር እህል ይውጣ ወይስ ይቀመጥ እንደማለት ነው። ለዚህ የድርቁ ሰዓት ልክ ነው። ድርቅ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ መረጃው ሦስት ቀን ቢዘገይም ይደርሳል። የበረዶ ዳመና ግን ተፈጥሮ፣ አድጎ፣ ማሳውን አውድሞ ለመበተን ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

አንድ ዞን፣ ብዙ ሰማይ

የመጀመሪያው ድክመት ካርታው ነው። «ሰሜን ሸዋ» ስንል ስለ አንድ ቦታ የምናወራ ይመስላል። የጓሳ ሣር የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ነው። መርሐ ቤቴ ዳር የጀማን ሸለቆ ወርዳችሁ ወንዙ ጋ ስትደርሱ ከ1,500 ሜትር በታች ናችሁ። አየር በ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ10 ዲግሪ ይበልጣል።

ለበረዶም ከፍታው ወሳኝ ነው። በእኛ የምድር ወገብ አካባቢ የአየሩ ሙቀት ዜሮ የሚደርሰው ወደ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መንዝ ደጋው ላይ የሚወርድ የበረዶ ጠጠር መሬት እስኪነካ በሞቃት አየር ውስጥ የሚጓዘው ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሳይቀልጥ ገብሱ ላይ ያርፋል። ያው ጠጠር ጀማ ሸለቆ ላይ ቢወርድ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስለሚጓዝ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ሆኖ ይደርሳል። አንድ ዳመና ላይኛውን አገር በበረዶ፣ ታችኛውን በጎርፍ ይመታል ማለት ነው። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ማሳሰቢያ መላክ ምን ይጠቅማል?

ጎርፉ ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በገደሉ ተንደርድሮ ጀማና ወንጪት ሲገባ፣ ቆላው ላይ ፀሐይ ሊኖር ይችላል። ወንዙን የሚሻገር ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ቢያይ ምንም አይታየውም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ሌሊት ወርዶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ስለዚህ ለቆላው ሰው የሚጠቅመው ማስጠንቀቂያ «እናንተ ዘንድ ይዘንባል» የሚለው ሳይሆን «ከእናንተ በላይ ዘንቧል» የሚለው ነው።

«ስልኬ ላይ የአየር ሁኔታ አፕ አለኝ» የምትሉም አላችሁ። ጥሩ ነው፤ ግን የብዙዎቹ አፖች ቁጥር የሚመጣው ዓለምን በአራት ማዕዘን ከሚከፋፍሉ የኮምፒውተር ሞዴሎች ነው። የአንዱ ማዕዘን ጎን ከ9 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያ ስፋት ውስጥ ተራራውም ገደሉም ተደባልቀው አንድ አማካይ ከፍታ ይሆናሉ። በረዶ የሚያወርድ ዳመና ግን ብዙ ጊዜ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። አፑ «40 በመቶ ዝናብ» ሲላችሁ ስለ እናንተ መንደር ማሳ በትክክል ያወቀ እንዳይመስላችሁ።

ሳይረን ብቻውን አያድንም

ሁለተኛው ድክመት መልእክቱ ከተላከ ሥራው አለቀ ብሎ ማሰብ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ቶርኔዶ የሚባለው ከዳመና ወርዶ መሬት የሚጠርግ አዙሪት የመንዝ ዋና ስጋት አይደለም፤ የአሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ግን በየዓመቱ ያዩታል። ራዳርም፣ ሳይረንም፣ ቴሌቪዥንም አላቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. ጆፕሊን የምትባል ከተማን ቶርኔዶ ሲመታ፣ የመጀመሪያው ሳይረን አዙሪቱ ከመድረሱ ከ15 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ጮኾ ነበር። ሆኖም ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው ብዙ ሰው ሳይረኑን ሰምቶ ወዲያው አልተጠለለም፤ ሳይረን በተደጋጋሚ ያለ አደጋ ሲጮህ ስለለመደ ሌላ ማረጋገጫ ይጠብቅ ነበር።

በተቃራኒው ባንግላዴሽን እንይ። በ1970 እ.ኤ.አ. የመጣው የባሕር ማዕበል ያዘለ አውሎ ነፋስ 300,000 ያህል ሰዎችን ጨርሷል ተብሎ ይገመታል። በ1972 እ.ኤ.አ. ድምፅ ማጉያና ባንዲራ ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩ የሠፈር በጎ ፈቃደኞች ተደራጁ፤ መጠለያም እየተገነባ ሄደ። በ2020 እ.ኤ.አ. ኃይለኛው አምፋን ሲመጣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ ተጠለለ፤ በአገሪቱ የሞቱት በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። ሳተላይቱ ረድቷል። ሰዉ ግን ከቤቱ የወጣው የሚያውቀው ጎረቤት በሩን ስላንኳኳ ጭምር ነው።

እስቲ እናስላው

እኛ ምህንድስና የተማርን ሰዎች ሰንሰለት ስናይ ማባዛት እንወዳለን። የማስጠንቀቂያ ሰንሰለት አራት ቀለበት አለው እንበል፦ አደጋውን ማየት፣ ማስጠንቀቅን መወሰን፣ መልእክቱን ማድረስና ሰዉ እርምጃ መውሰዱ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። እያንዳንዱ ቀለበት 90 በመቶ ቢሠራ፣ 0.9 አራት ጊዜ ተባዝቶ 0.66 ይሆናል። ከአሥር አደጋ ሦስቱ ያመልጡናል ማለት ነው፤ ሁሉም ክፍል «ጎበዝ» እየተባለ!

አሁን ማድረሱ 50 በመቶ ብቻ ነው እንበል፤ ገደል ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ መብራትም ጠፍቷል። ውጤቱ 36 በመቶ ይሆናል። ውድ መሣሪያ ገዝተን ማየቱን 100 በመቶ ብናደርሰው 41 ላይ ይቆማል። በዚያ ፋንታ ማድረሱን 90 ብናደርገው ወደ 66 እንመለሳለን። ገንዘቡ መጀመሪያ የት መዋል እንዳለበት ሒሳቡ ራሱ ይናገራል።

ማድረስን ማሻሻል ደግሞ የግድ ውድ አይደለም። ስልክ 50 በመቶውን፣ የሠፈር ጥሩምባ ወይም ደወል 60 በመቶውን ሰው ቢያገኝና አንዱ ሲበላሽ ሌላው የማይበላሽ ቢሆን፣ ሁለቱም የሚስቱት ሰው 0.5 ሲባዛ በ0.4 ማለትም 20 በመቶ ብቻ ነው። ሰማንያው ደረሰው! ለቀብር ጥሩምባ የሚነፋ እድር ያለበት አገር ይህን መስመር ከባዶ መጀመር አያስፈልገውም። ስልኩንም ቢሆን በሴል ብሮድካስት ማሻሻል ይቻላል። ኤስኤምኤስ ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻ ስለሚላክ ይጨናነቃል፤ ሴል ብሮድካስት ግን ከተመረጠ ማማ ሥር ላለው አገልግሎቱን ለሚቀበል ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ደወሉም ጥሩምባውም ነጎድጓዱ ሳይቀርብ መሰማት አለበት። በድሮዋ አውሮፓ ማዕበል መሐል ደወል የሚደውሉ ሰዎች በመብረቅ ይሞቱ ነበር።

ታዲያ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ምን ይመስላል?

ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ አደጋውንና ድርጊቱን ይናገራል። ለምሳሌ እንዲህ ቢባል፦ «መንዝ ጌራ ምድር ደጋው ላይ ዛሬ ከ8 እስከ 11 ሰዓት በረዶና መብረቅ ይጠበቃል፤ ዕድሉ ከ10 ስድስት ነው። ከብቶችን ከ7 ሰዓት ተኩል በፊት ከኮረብታ አውርዱ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ጀማንና ገባሮቹን እስከ ነገ ጠዋት አትሻገሩ።» ርዝመቱ ከተለመደው ማሳሰቢያ ብዙም አይበልጥም።

ዕድሉን በቁጥር መናገርም ሰውን ማክበር ነው። ከብት ከኮረብታ ማውረድ የግማሽ ሰዓት ልፋት ነው፤ አንድ በሬ ማጣት ግን የዓመት እርሻ ነው። ስለዚህ ከአሥር አንድ ዕድል እንኳ ለእረኛው ይበቃል። በጥቅምት ውርጭ ፈርቶ ያልደረሰ ገብስ ማጨድ ግን ራሱ ኪሳራ ስለሆነ ገበሬው ከፍ ያለ ዕድል ይፈልጋል። ማስጠንቀቂያው ቁጥሩን ይስጥ፤ ውሳኔውን ለባለማሳው ይተው።

«አደጋው አላለቀም» ማለትም ከማስጠንቀቂያ ይቆጠራል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎችን ተከታዩ ናዳ ቀበራቸው፤ በጠቅላላው ከ200 በላይ ሞቱ። ሰሜን ሸዋም ለዚህ ባዕድ አይደለም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. ደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ላይ የተንሸራተተው መሬት በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል። አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካያችሁ ለመሣሪያ የማይታየውን እናንተ አይታችኋል ማለት ነው።

ሦስተኛው ድክመት የመዝገብ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ እሰማለሁ፤ ከወጡት ስንቱ እንደሠራ፣ ስንቱ በከንቱ እንደጮኸ፣ ስንት አደጋ ሳይነገር እንደመጣ በወረዳ ደረጃ በየክረምቱ መጨረሻ ለሕዝብ ሲነገር ግን አልሰማሁም። የተባበሩት መንግሥታት በ2022 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ ሰው እስከ 2027 መጨረሻ በቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ግብ አስቀምጧል። ያለ መዝገብ ግቡ መሳካቱን በምን እናውቃለን?

እስከዚያው እናንተ በእጃችሁ ያለ ነገር አለ። ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁን እስክትሰሙ ሰከንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት አካፍሉት፣ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይወጣል። ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነውና ከኮረብታውና ከብቸኛ ዛፍ ራቁ፤ በሩ የተዘጋ መኪና ወይም ጠንካራ ሕንፃ ካለ ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ቆዩ። ከከብቶቹም ተለዩ፤ መብረቅ መሬት ሲመታ በከብት የፊትና የኋላ እግር መካከል የሚፈጠረው ቮልቴጅ ከሰው ይበልጣል፣ መንገዱም በልብ በኩል ያልፋል። ትምህርት ቤታችሁ ግቢ ደግሞ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ አስቀምጡና የዝናቡን ጥልቀት በሚሊሜትር፣ በረዶ የወረደበትን ሰዓትና በዚያ ቀን ሬዲዮው ያለውን ደብተር ላይ ጻፉ። ሦስት ክረምት የተጻፈበት ደብተር ይዞ የመጣን ተማሪ «ለመሆኑ ማስጠንቀቂያችሁ ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ ቁጥር ሳያቀርቡ መመለስ ይከብዳል።