እቴጌ እሌኒን እንዴት እናንብባት?

በታሪክ ትምህርት የአንዲት ንግሥት ስም ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ የማን ልጅ ነበረች? የማን ሚስት ሆነች? ምን አሠራች? ተማሪው እነዚህን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። ሴቲቱ ራሷ ግን ሳትታወቅ ትቀራለች።

ይህን ሂስ እንድንጽፍ ያነሣሣን በባሱንዳ ያጋጠመን ጥያቄ ነው። ባሱንዳ ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን የገዳሪፍ ግዛት፣ በሰሊጥና በማሽላ አገር ውስጥ ትገኛለች። በዚያ ለአማርኛ ተናጋሪ ወጣቶች ስለ እቴጌ እሌኒ ስናስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ወንድሟ ሲገደል እሷ ምን አለች?» ስትል ጠየቀችን። እኛ የወንድሟን ሞት በግማሽ ዓረፍተ ነገር ተናግረን ወደሚቀጥለው ነጥብ አልፈን ነበር። ልጅቱ ግን እዚያው ቆማ ቀረች። የተሳሳተው ማን እንደ ነበር ለመምህራን ጓደኞቻችን መንገር አያስፈልግም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እሌኒ የሐድያው ገዢ የገራድ መሐመድ ልጅ ናት። ሐድያ በዚያ ዘመን ለክርስቲያኑ ንጉሥ የሚገብር እስላማዊ ግዛት ነበር። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው አፄ ዘርዐ ያዕቆብ አገባት፤ ክርስትና ተቀበለች፤ «ቀኝ በዓልቲሐት» የሚለውንም የንግሥትነት ማዕርግ አገኘች። ጋብቻው የሁለት ቤተ መንግሥት ውል መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ ውሉ አልጸናም። ወንድሟ ማሂኮ አልገብርም ብሎ ዐመፀ፤ ወደ አዳል ሲሸሽም ተይዞ ተገደለ።

ስለ እሌኒ የሚነግረን የዘመኑ ዜና መዋዕል በምስጋና የተሞላ ነው። ሃይማኖቷ የጸና፣ ሕግና መጻሕፍትን የምታውቅ፣ የንጉሡን ማዕድ አሳምራ የምታሰናዳ ይላታል። ይህን አንክድም። ነገር ግን ምስጋናው ከየት ወገን እንደ መጣ መጠየቅ ይገባል። ጸሐፊው የባሏ ቤት ሰው ነው። የሚያመሰግናትም ለዚያ ቤት በጠቀመችው መጠን ነው። የሐድያ ልጅ፣ የማሂኮ እኅት መሆኗ በምስጋናው ውስጥ ቦታ የለውም። እኛም ዜና መዋዕሉን እንዳለ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ስንገለብጠው የጸሐፊውን ዝምታ አብረን እንገለብጣለን።

ለንጽጽር አንዲት ጀርመናዊት ልዕልት እንጥቀስ። በ1729 በሽቴቲን የተወለደችው የአንሃልት ሰርብስቷ ሶፊያ በ1744 ወደ ሩሲያ ተወሰደች። እንደ እሌኒ ሃይማኖቷን ለወጠች፤ ካትሪን የሚል አዲስ ስም ተሰጣት፤ በማግስቱ ዓመት አልጋ ወራሹን ጴጥሮስን አገባች። በ1762 ባሏን ከዙፋን አውርዳ ራሷ ነገሠች፤ እስከ ሞተችበት እስከ 1796ም ገዛች። ልዩነቱ ካትሪን የሕይወቷን ታሪክ በገዛ እጇ መጻፏ ነው። የባዕድ አገር ሙሽራ ምን ያህል ብቸኛ እንደ ሆነች፣ ቋንቋውን ለማወቅ ሌሊት እየተነሣች ስታጠና እንዴት እንደ ታመመች ከራሷ አንደበት እንሰማለን። ይህም ቢሆን በጥንቃቄ የሚነበብ ነው፤ ባሏን ያወረደች ሴት ስለ ባሏ ድክመት ስትጽፍ ለራሷ ጠበቃ መቆሟ አይቀርምና።

ታዲያ የእሌኒ ድምፅ ከቶ አይሰማምን? ይሰማል፤ በደብዳቤዋ። በ1508 ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ ሲነግሥ የመንግሥቱን ሥራ የያዘችው እሷ ነበረች። በ1509 ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋሉ ንጉሥ ወደ ማኑኤል ላከች። በደብዳቤው የካይሮው ሱልጣን መርከቦች እያሰናዳ መሆኑን ጠቅሳ፣ ፖርቱጋል በባሕር ከመጣች ኢትዮጵያ ስንቅና ሠራዊት እንደምትሰጥ ትገልጻለች። ሁለቱ ነገሥታት ልጆቻቸውን እንዲያጋቡም ታሳስባለች። በትምህርት ቤት ስለ መርከቡና ስለ ጦሩ እናስተምራለን፤ የጋብቻውን ሐሳብ እንዘለዋለን። ነገር ግን ይህን ያቀረበችው ራሷ በጋብቻ ውል የተሰጠች ሴት ናት። ጋብቻ ሁለት መንግሥታትን እንደሚያቀራርብ ታውቃለች፤ ወንድምን ከሞት እንደማያድንም አይታለች። ይህን እያወቀች ሐሳቡን ማቅረቧ ትልቅ የክፍል ውስጥ ውይይት ሊሆን የሚገባው ነው።

በሌላ በኩል ማጋነኑንም አንደግፍም። አንዳንዶቻችን እሌኒ የግራኝን ዘመቻ አስቀድማ አይታ ደብዳቤውን እንደ ጻፈች አድርገን እንናገራለን። ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው፤ የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ የገቡት በ1520፣ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የሆነው በ1529፣ አራት መቶዎቹ የፖርቱጋል ወታደሮች የመጡት በ1541 ነው። እሌኒ ያየችው የራሷን ዘመን አደጋ ነው፤ ይህም ለአስተዋይነቷ በቂ ምስክር ነው። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እነሱ በአገሩ ሳሉ እንዳረፈችና ሞቷ ቤተ መንግሥቱን በብርቱ ሐዘን እንደ መታው ጽፏል። በጎጃም ያሠራችው የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያንም ስሟን ይዞ ኖሯል።

በባሱንዳ ለጠየቀችን ልጅ የሰጠናት መልስ አጭር ነበር፤ «መጽሐፉ አይናገርም፤ የጻፈው የንጉሡ ሰው ነውና» አልናት። እሷም ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «አክስቴ ከድንበሩ ማዶ ነው የተዳረችው፤ ጠብ በተነሣ ቁጥር ሁለቱም ወገን እሷን አይጠይቋትም» አለችን። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ስለ እሌኒ መናገር ጀመረ።

እንግዲህ መምህራን ጓደኞቻችን በሦስቱ ጥያቄዎች ላይ አራተኛ እንዲጨምሩ እናሳስባለን፤ ይህን ታሪክ የጻፈው ማን ነው? ከማንስ ወገን ቆሞ? ተማሪዎችም ጥያቄውን መምህሩ ቢዘለው ራሳቸው ያንሡት።