እባቡ ልጥ የመሰለን ዕለት

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገሬ ሰው። መርዛማ እባብ ለምንጠብቅ ሰዎች ግን አደጋው የተገላቢጦሽ ነው፤ የምንሞተው እባቡ ራሱ ልጥ የመሰለን ዕለት ነው።

ሙያውን የተማርሁት በውጭ አገር መካነ አራዊት ነው። ዛሬ የምኖረው የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ሲሆን፣ ጎረቤት የባሕር ዛፍ ክምር ሲያነሣ እባብ ካየ ይጠራኛል። በዚህ ብርድ የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሰው የማይጎዳ የደጋ እባብ ነው። ሰሞኑን ግን የሰፈር ልጆች «ጋሼ፣ እፉኝት ቤት ውስጥ ማሳደግ ይቻላል?» እያሉ ይጠይቁኛል።

መልሴን ለማስረዳት በመካነ አራዊት የውሃ ሳህን ከመቀየር እንጀምር። እባቡ የት እንደተኛ በመስታወቱ ሳይታይ ሣጥኑ አይከፈትም። ረዳት በር ላይ ይቆማል፤ ስልክ ይዘጋል። እባቡን በረጅም መንጠቆ ወገቡን ደግፌ ወደ ሌላ ሣጥን አዛውራለሁ፤ ሳህኑን የማነሣው ያኛው ከተቆለፈ በኋላ ነው። መታከም ካለበት በጠባብ ግልጽ ቱቦ ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፤ ሲሶ አካሉ ሲገባ ቱቦውንና ገላውን አንድ ላይ ጨብጦ መያዝ ነው፣ ዞሮ መንከስ አይችልም። በባዶ እጅ አንገቱን ማነቅ ለቪዲዮ ያምራል፤ በእኛ ሥራ ግን ጀግና ዕድሜ የለውም።

ካርል ሽሚት በቺካጎ ስመ ጥር የእባብ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ዓይነቱን እንዲለይ የመጣለት፣ ቡምስላንግ የተባለ ለጋ መርዛማ እባብ አውራ ጣቱን ነከሰው። ይህቺ ትንሽ እባብ አትገድልም ብሎ ሕመሙን እየመዘገበ ቆየ፤ በማግሥቱ ሞተ። ዕውቀት ሞልቶት ነበር፤ የጎደለው ፍርሃት ነው።

ሽሚት ዕዳውን በራሱ ከፈለ። ብዙ ጊዜ ግን ከፋዩ ሌላ ነው። በውጭ የጠበቅኋት የኢትዮጵያ የደጋ እፉኝት፣ ቢቲስ ፓርቪዮኩላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የታወቀችው በመቱና በበደሌ መካከል ከተገኘች ናሙና ነው። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ቤት ትገኛለች፤ ለእርሷ ተብሎ የተሠራ የመርዝ ማርከሻ ግን የለም። ስትነክስ ግራ የሚጋባው ሐኪሙ ነው።

ማርከሻ እንደ ቁልፍ ለየእባቡ ይለያያል። የደቡብ አፍሪካው ፓፍ አደርና ማምባ ለተባሉት እባቦች ይሠራል፤ በቆላችን ላለችው፣ ኤኪስ ለተባለችው እፉኝት አይሆንም። ለአፍሪካ ብዙ እባቦች ያገለግል የነበረውን፣ ፋቭ አፍሪክ የተባለውን ማርከሻ የመድኃኒት አምራቹ ሳኖፊ እ.ኤ.አ. በ2014 ማምረት አቆመ፤ የመጨረሻው ምርት በ2016 ጊዜው አለፈ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በአብዱራፊ ሲያክም የቆየው በአብዛኛው በእርሻ ላይ የተነደፈ የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ብልቃጥ ለመዝናኛ ሲባል ከጠፋ፣ ለዚያ ሠራተኛ ሊደርስ ከሚችለው ላይ ተቀነሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ለልጆቹ መልሴ «አይቻልም» ነው። የሚሆነውን ማርከሻ፣ የሚሰጠውን ሆስፒታልና አጠገቡ የሚቆመውን ረዳት በስም መጥራት የማይችል ሰው ሣጥን አይግዛ። መብራት በሄደ ቁጥር ማሞቂያው የሚጠፋበት፣ ሕፃናት የሚሯሯጡበት ቤት ለዚህ አይሆንም።

እባብ ካያችሁ ፈቀቅ በሉለት። ሰው ከተነደፈ ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩ፤ የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።